የማይነሳው ስልክ

እትዬ ፀሐይ እዚህ ውጭ አገር፣ ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ይኖራሉ። ኤርፖርት ክሊነር ናቸው። ከሺፍት ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ደሴ ለምትኖረው ታናሽ እህታቸው ለሸዋወርቅ ይደውላሉ። ባል የለ፣ ልጅ የለ፤ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት።

የእድራችንን ዌብሳይት የሚሠራው ተድላ ነው። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ደህና የነበረውን ገጽ አፍርሶ እንደ አዲስ ኮድ ጻፈለት። የኀዘን ማስታወቂያው ይሠራ እንደሆነ ሊሞክር የማንን ስም ቢያስገባ ጥሩ ነው? የእትዬ ፀሐይን! ፎቷቸው እጁ ላይ ስለነበር ብቻ። ሙከራ ለብቻው ይደረጋል፤ እሱ ግን ሰው በሚያየው ሳይት ላይ ሞከረው። ሳይቱ ደግሞ የተጻፈበትን ሁሉ በራሱ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። «ወይዘሮ ፀሐይ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ተባለ።

«ወዲያው ዴሊት አድርጌዋለሁ፣ ማንም አላየውም» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ማን ይንገረው። ለካ አንዱ ስክሪንሾቱን ደሴ ልኮታል።

ከዚያ ወዲህ የሸዋወርቅ ስልክ ይጠራል እንጂ አይነሳም። አንድ ቀን ተነሳና ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። እትዬ ፀሐይ «ሸዋዬ» ሲሉ፣ ያነሳው ሰው «በስመ አብ» ብሎ ዘጋው።

እሳቸው መርዶ የተደበቀባቸው መሰላቸው። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች በማለዳ በር እስኪያንኳኩ ዘመድ ሁሉ ዝም ነው። እናም በየማለዳው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በሩን ያያሉ።

አላስችል አለኝና ሄጄ ነገርኳቸው።

«እትዬ፣ ሸዋዬ ደህና ናት። ሞቱ የተባሉት እርስዎ ነዎት።»

«ሰው መርዶ ሲደብቅ እንዲህ ነው የሚቀባጥረው» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ስለዚህ በእኔ ስልክ ቪዲዮ ኮል አደረግኩ። ሸዋወርቅ ቁጥሩን ስለማታውቀው አነሳችው። ጥቁር ለብሳለች፤ ጸጉሯን ተላጭታለች። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ያ ተድላ የለጠፈው ፎቶ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ ተሰቅሏል። እትዬ ፀሐይ ግን ያዩት እህታቸውን ብቻ ነው።

«ተመስገን፣ አለሽልኝ» አሉ እያለቀሱ። «ታዲያ ማን ሞቶብሽ ነው የደበቅሽኝ?»

ሸዋወርቅ ጣቷን ቀስ አድርጋ ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

«እትዬ» አለች፣ «በዚያኛውም ዓለም ስልክ አለ?»