አንድ ቀን ዝም ያሉት መነኩሲት

ከኮረብታው ማዶ የሚኖሩት ገበሬዎች ዘር ሊወስዱ ለምን አልመጡም? ይህን ለማወቅ ቆርጠው የተነሱት መነኩሲት በማኅበራቸው ዘንድ «ሬዲዮ» ይባላሉ። ቅጽል ስሙ በምን እንደወጣላቸው ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ማዶኞቹ ቁጥራቸው ትንሽ፣ ቋንቋቸውም የብቻቸው ነው፤ ገበያ ላይ የሚስተናገዱት ሌላው ሰው ሁሉ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ነጋዴው አንድ ጆንያ ዘር ያበድራቸውና በመኸር ሁለት ይወስዳል። መነኮሳዪያቱ የዘር ቤት የከፈቱት ለዚህ ነው፤ አንድ የወሰደ አንድ ይመልሳል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ! ግን ማንም አልመጣም። ዝናቡ ሊጥል ደግሞ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል።

«መንገዱ ርቋቸው ይሆናል» አሉ አንዷ። «ነጋዴው አስፈራርቷቸው ነው» አሉ ሌላዋ። ሬዲዮ ግን ግምት አይወዱም። ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው፣ ድንች ሲቆፍሩ ያገኟቸውን የገበያውን ቋንቋ የሚያውቁ አሮጊት ጠየቁ።

«መጥተን ነበርኮ» አሉ አሮጊቷ ቀና ሳይሉ። «ጎህ ሲቀድ አንኳኳን። አንዷ ከፈተችልን። በቋንቋችን ሰላም አልናት፤ ዝም። ዘር አልናት፤ ፈገግ ብላ ዝም! ነጋዴው እንኳ ይሰድበናል እንጂ አይዘጋንም።» ከዚያ ቀና አሉ። «ቆይ እስቲ… አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

እሳቸው ነበሩ፤ ቋንቋው ስላልገባቸው ገዳም ሊሳለሙ የመጡ መንገደኞች መስለዋቸው ነበር። በገዳሙ ደንብ ከማታ ጸሎት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ መናገር ክልክል ነው። ሬዲዮ ይህን ደንብ በሃያ ዓመት ውስጥ በትክክል የጠበቁት ያን ዕለት ማለዳ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ኮርተውበት ነበር።

እመምኔቷ ሲሰሙ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ዝም በይ ስልሽ ስታወሪ ኖረሽ፣ ማውራት በሚገባሽ ቀን ዝም ትያለሽ?»

«እኔስ ይበለኝ። እነሱ ግን ምን አጠፉ፣ እናቴ?»

እመምኔቷ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ላንኳኳ ሰው በማንኛውም ሰዓት መልስ እንዲሰጠው ፈቀዱ። «በሩ ላይ ብቻ! ወጥ ቤት ስትደርሺ አፍሽን ዝጊ።»

የተከፋን ሰው ግን ፈቃድ ብቻውን አይመልሰውም። ስለዚህ ሬዲዮ የማዶኞቹን ቋንቋ ከአሮጊቷ እየተማሩ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ በዚያው ቋንቋ ይቅርታ ይጠይቃሉ። አሮጊቷ ከኋላ እየተከተሉ ያርሟቸዋል፤ «ቀስ በይ እንጂ፣ ማን ያባርርሻል?»

ከአርባው ቤት ዘጠኙን አዳርሰዋል፤ ሦስቱ ዘር ሊወስዱ ባዶ ጆንያ ይዘው ወደ ገዳሙ መጥተዋል። ዛሬ አሥረኛው ደጃፍ ላይ ናቸው። አባወራው እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ሬዲዮም መሃል ላይ ቃል ጠፍቷቸው እንደገና ከሰላምታው ጀምረዋል።