ጢም የለጠፍኩበት ሰሞን

አባቴ ትያትሩን እንድተው የወሰነው ስለ ጢሙ ሰምቶ ነው። ወሬውን ያደረሰለት አብሮት የሚያስቀድስ ሰው ነበር፤ ነቀምቴ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። "ሴት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ አደባባይ አትቆምም። ቃል ገብተሻልና የቅዳሜውን ትያትር ጨርሺ፤ ከዚያ ወዲያ በቃሽ" አለኝ። ጎጃሜ አባት በቃሽ ካለ በቃ ነው። ዲግሪ ይዤ ሥራ በምፈልግበት ዕድሜ እንኳ እኛ ቤት እኔ ይነገረኛል እንጂ አልጠየቅም።

ጢሙን የፈለግኩት እኔ አልነበርኩም። የክበባችን ትያትር ባሏ ሞቶባት የባሏ ወንድም መሬቷን ስለሚቀማት ሴት ነው። መጀመሪያ ሴትዮዋን የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ነገሩን የሚዳኘውን ዋና ሽማግሌ የሚጫወተው ልጅ ኡኬ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አዘጋጃችን ጨነቀው፤ የሽማግሌውን ንግግር በቃሌ የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጢም ለጥፎ፣ ጋቢ አልብሶ ከዘራ አስያዘኝ። የሴትዮዋን ቦታ ጓደኛዬ ወሰደች።

ልምምድ እንደጀመርን አንድ ነገር ገረመኝ። ሴትዮዋን ስጫወት ወንዶቹ በንግግሬ መሃል ዘው ይሉ፣ ስልካቸውን ይነካኩ ነበር። ጋቢውን ስደርብ ግን ያው እኔው፣ ያው ቀጭን ድምፄ፣ ጸጥ ብለው ያዳምጡኛል። እግሬን ከፈት አድርጌ ስቀመጥ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልኛል። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ቤት ስገባ ደግሞ በገንኩ። ጋቢ ይህን ያህል የሚያስከብር ከሆነ ያለ ጋቢ እኔ ምንድን ነኝ? አንዳንዴም ከሁለቱ የትኛዋ ይበልጥ እኔን እንደምትመስል ግራ ይገባኝ ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አባቴ ፊቱን አጨፍግጎ ከእናቴ ጋር ከፊት ተቀምጧል። ትያትሩ በኦሮምኛ ነው፤ እሱ ግማሽ ዕድሜውን እዚህ ስለኖረ አንድ ቃል አያመልጠውም። ሴትዮዋ ልትናገር ስትነሳ ከዘራዬን አንስቼ አስቀመጥኳት፤ መሬቱንም ለባሏ ወንድም ፈረድኩ። ከዚያ ሽማግሌ ነገር ሲዘጋ እንደሚያደርገው ቆሜ መረቅኩ። "ሆራ ቡላ!" አልኩ፤ ተዋለዱ፣ ኑሩ ማለት ነው። እዚህ አገር ምርቃት ሰምቶ ዝም የሚል የለም። ተመልካቹ ሁሉ እጁን ዘርግቶ "ሃ ታኡ!" አለ፣ ይሁን ለማለት። ይህ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም። ወደ ፊት ወንበር ባይ አባቴም እጁን ዘርግቷል።

ጓደኛዬ ብልጥ ናት። ያጠናችውን ትታ ወደ ሕዝቡ ዞረችና "እናንተም መረቃችሁበት? እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለች። የሚስቅ አልነበረም። የተዘረጉት እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ።

ቤት ገብተን እራት ቀረበ። አባቴ አንድ ሁለቴ ከጎረሰ በኋላ፣

"ያችን ሴትዮ ሳንሰማት ነው እኮ ሃ ታኡ ያልነው" አለ።

"ትያትር አይደል እንዴ?" አለችው እናቴ።

"እኔ ግን የምሬን ነው ያልኩት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ተዪው ስልሽ አንቺንም አልጠየቅኩሽም። እስቲ ንገሪኝ።"

ሙጫው ያቆሰለው አገጬ ያሳክከኛል። የምለውን አላዘጋጀሁም ነበር። ከጋቢው ጀመርኩ። ወጡ እስኪቀዘቅዝ አወራሁ፤ አንዴም አላቋረጠኝም።