ከቱሊፑ መሀል የሸተተው

ዛሬ ባለቤቴ ታደሰ በቱሊፕ እርሻ መሀል ቆሞ "እበት ሸተተኝ" ብሎ አለቀሰ።

ዊንተር ላይ ኮቪድ ይዞት ከዳነ በኋላ ምንም አይሸተውም ነበር። ሐኪሙ "ጊዜ ስጠው" ካለው አምስት ወር ሆነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስገባ ቤቱን የጋዝ ሽታ ሞልቶታል፤ እሱ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ቁርሱን ይበላል። ከዚያ ወዲህ ብሬክ በወጣሁ ቁጥር ኮል አደርግለታለሁ።

ዛሬ ሁለታችንም ኦፍ ስለነበርን፣ አክስቱን እትዬ አስካለን ይዘን ከምንኖርበት ከኖርዝላንድ አንድ ሰዓት ነድተን ቱሊፕ ልናይ ሄድን።

ታደሰ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቀይ አበባ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ።

"ቱሊፕ ድሮም ብዙ አይሸትም" አልኩት፣ እንዳይከፋው።

ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ሲዞር ቀና አለ። "እበት ይሸታል፣ ወይስ መስሎኝ ነው?"

ማስኬን ዝቅ አደረግኩ። እውነትም ከአጥሩ ማዶ ላሞች አሉ።

"ይሸታል እንጂ ልጄ፣ እኔማ አፍንጫዬን ይዤ ነው የቆምኩት" አሉ እትዬ አስካለ።

ሰዉ አፍንጫውን ሸፍኖ እየተጣደፈ ያልፋል። ታደሰ ግን ወደ ላሞቹ ዞሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ይስባል፤ እንባው አገጩ ላይ ያለውን ማስክ አራሰው። እኔም ያን ሁሉ ወር የያዘኝ የጋዙ ስጋት ሲለቀኝ ተሰማኝ።

እዚህ የለጠፍኳቸው ፎቶዎች ላይ ከአበባው ይልቅ ላም የበዛው ለዚህ ነው፤ ይቅርታ።

ኮቪድ ሽታ ወስዶባችሁ የተመለሰላችሁ፣ መጀመሪያ የሸተታችሁ ምን ነበር? ገና የሚጠብቁም ስላሉ ጻፉላቸው።