ማሰሪያው የተቆረጠ ታሪክ

ባልደረቦቹ «መቀስ» ይሉት ነበር። በአንድ ዕለታዊ ጋዜጣ ገጽ ሲያቀናብር ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው። ጽሑፍ ከቦታው ሲተርፍበት ከታች ወደ ላይ መቁረጥ ልማዱ ነበር፤ ሲቆርጥም አያነብም። «የዜና ፍሬው አናቱ ላይ ነው፤ ጅራቱ ማሟያ ነው» ይል ነበር። ለደረቅ ዜና ልማዱ አይከፋም። ታሪክ ግን እንደ አማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ይሙት ይዳን አይታወቅም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ጋዜጣውን በእጇ ጨምድዳ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ገባች። ከጎረቤት ከተማ በአውቶቡስ የመጣች ናት።

«ወንድሜን የት ቀበራችሁት?»

ስሙንም ጠራች። ወንድሟ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ እሑድ ዕለት አፈር ተንዶበት ነበር። የናዳውን ታሪክ ለጋዜጣው የጻፈችው ወጣት ዘጋቢ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ማን ሞተ አለዎት? ሆስፒታል ተኝቷል እኮ! ትናንት እንኳ ‹ጉድጓዱ ቀምሶ ተፋኝ› እያለ ሲያስቀኝ ነበር።»

«ታዲያ ስልኩ ለምን አይነሣም?»

«ናዳው ውስጥ ቀርቶ ነዋ!»

ሴትዮዋ ጋዜጣውን ዘረጋችው። የታሪኩ መጨረሻ «ሰዎቹ አካፋቸውን ጥለው ዝም አሉ» ይላል። ከሥሩ የፍራሽ ማስታወቂያ ተንሰራፍቷል።

ዘጋቢዋ አመድ መሰለች። «ዝም ያሉት እኮ ከታች ሲያስል ሰምተው ነው! ቀጥሎ አንድ አንቀጽ ነበረ። የት ሄደ?»

መቀስ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቀረበ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለ። «ፍራሹ አልገባ ቢለኝ . . .»

«ለፍራሽ ብለህ ወንድሜን ገደልከው?»

ዘጋቢዋም ነፃ አልነበረችም፤ አንባቢን ለማንጠልጠል ብላ የሰውን ነፍስ በአንዲት የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ አስራለች። ሳያነብ የቆረጠው ግን ይበልጥ ጥፋተኛ ነው።

መቀስ ሴትዮዋን ራሱ ሆስፒታል አደረሳት። በሽተኛው ጥቁሩን ልብስ ሲያይ ከአልጋው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እታለም! ማን ሞተብን?»

«አንተ!» ብላ ላዩ ላይ ተደፋች።

መቀስ ደፉን መሻገር አቅቶት በር ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ታሪክ ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምሮ ማንበብ፣ ቦታ ሲጠበውም ከዘጋቢው ጋር ተማክሮ ከመካከል ማሳጠር ጀመረ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማሰሪያ የሌለው ታሪክ ከእጁ አልወጣም።