ጋቢ የለበሰው አገልጋይ

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ድምፅዋ የቀረው በልጄ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር። ጥጥ እየፈተለች በጋሞኛ መዝሙር ስትዘምር፣ ልጄ ሳትነግራት የቀዳቻት ነው። ፎቶማ ልጄ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ነበረን። ግን ከተማ፣ ሲቀላ ያለው የልጄ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው ሁሉ ፍላሹን የሚሰካበት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ቫይረስ ገባና ግማሹን በላው። የስልኩ ሚሞሪም አንዳንድ ቀን ይከፍታል፣ አንዳንድ ቀን እንቢ ይላል።

ልጄ ይህን ፈርታ፣ ከሱቋ ጡረታ የወጣውን ኮምፒውተር በባጃጅ ጭና ወደ መንደራችን ላንቴ፣ ቤታችን አመጣችው። እኔ ዕድሜዬን ሙዝ ሳጠጣ የኖርኩ፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ ወንበር ስቤ ዝም ብዬ አየኋት። ሆዱን ከፍታ አቧራውን በብሩሽ ጠረገች፤ አዲስ ዲስክ ገጠመችለት። ኋላ ስክሪኑንም ኪቦርዱንም ነቅላ ወደ ጎን አስቀመጠች።

«ዓይኑንም እጁንም ወስደሽበት በምን ሊሠራ ነው?» አልኳት።

«አያስፈልገውም አባዬ። የእሱ ሥራ ማስቀመጥ ነው። ፎቶውንም የእማዬንም ድምፅ ይይዛል፤ እኛ በዋይፋይ ከየስልካችን እንከፍተዋለን። ፍላሽ መለዋወጥ ቀረ። ሰርቨር ይባላል።»

«በአማርኛስ?»

ትንሽ አሰበችና «አገልጋይ» አለችኝ።

ያን ሰሞን የባለቤቴ ታናሽ እህት ከደጋው፣ ከኦቾሎ ወርዳ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አገልጋይ ሲባል እሷ የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን የሚሰብከውንና የሚጸልየውን ነው። «እንዲያ ከሆነማ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ይጸልይልን!» ብላ አሳቀችን። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ።

«የእህቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው?»

«አዎ አክስቴ» አለቻት ልጄ።

አክስቷ ከቀብሩ ወዲህ ድምፁን ሰምታው አታውቅም። አልችልም ትል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሱቋ፣ እኔ ሙዙ ውስጥ ሳለን፣ አክስቷ የኮምፒውተሩን ሣጥን ወለል ላይ ራቁቱን አየችው። በእኛ ዘንድ የተከበረ አገልጋይ ሲመጣ ጋቢ ማልበስ አለ። የራሷን አዲስ ጋቢ አጥፋ ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው፤ ዙሪያውንም ጠቅጠቅ አደረገችው። የእኛ አገር የቀትር ሙቀት ደግሞ ያለ ጋቢም አይቻልም።

ልጄ ለምሳ መጥታ ከስልኳ ልትከፍተው ብትሞክር ዝም። ጋቢውን ስትገልጠው ብረቱ እጅ አያስነካም።

«ማነው ያለበሰው?»

«እኔ ነኛ። አገልጋይ ነው አላልሽም?»

ልጄ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ «ሌላ ቅጂ የለኝም አባዬ። ሚሞሪው ትናንት ከገለበጥኩ በኋላ ጨርሶ ሞቷል» አለችኝ።

አክስቷ ሰማች። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ እህቴን ሁለተኛ ገደልኳት» አለችኝ።

«ተይ፣ እንዲህ አይባልም። አክብረሽው ነው ያለበስሽው» አልኳት።

በሩንም መስኮቱንም ከፍተን እስኪበርድ ጠበቅን። ምሳው ቀርቦ ማንም አልነካው። ኋላ ልጄ ቁልፉን ተጫነች። ውስጡ ያለው ማራገቢያ አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመ። ልጄ ስልኳን ስትነካካ እኔ የማየው ፊቷን ነው።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። የባለቤቴ ሳል ነው፤ አወቅሁት። ከዚያ መዝሙሩ፣ ቀጭንና ረጋ ያለ፣ እዚያው ጥግ ተቀምጣ የምትፈትል ይመስል። መሃል ላይ አቋርጣ፣ «ኧረ ዶሮዋ ጥጡ ላይ ወጣችብኝ! ማን ያባርልኛል?» አለች።

እህቷ ከወለሉ ብድግ ብላ፣ «መጣሁ እህቴ፣ መጣሁ» አለቻት።

ልጄ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። «አትሰማሽም» ያላት ሰው የለም።