ከሐኪሙ የደበቅኩት የሆድ ድርቀት

መጀመሪያ የታመመው እጄ አልነበረም፤ ሆዴ ነው። እጄ ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመት በፊት አራት አምስት ቀን ዓይነ ምድር ሳልወጣ እከርም ነበር። ለማን ይነገራል? ኮልፌ 18 ማዞሪያ ሙሉ ልብስ የምሰፋ፣ ሰፈሩ ጋሼ የሚለኝ ሰውዬ፣ እንዲህ ያለውን ላውራ? "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልኩ ሌላውን ስመክር፣ እኔ በድብቅ ሰናመኪ ቀቅዬ እጠጣለሁ። ሲብስብኝ ኮሶ።

ከዚያ ቀኝ እጄ መርፌ መያዝ አቃተው። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው ብሎ ሌቮዶፓ የሚባል ኪኒን አዘዘልኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ አብራኝ ያለችው ልጄ ሰብለ ሥራዋን ትታ በሰዓቱ ትሰጠኝ ጀመር።

ኪኒኑ አንድ ቀን ይሠራል። ሁለት ቀን አይሠራም። እግሬ መሬት ላይ ይጣበቃል። ወደቅኩ። ግንባሬ ተሰፋ።

ሐኪሙ ሰብለ ላይ አፈጠጠ። "ሰዓቱን ጠብቀሽ ነው የምትሰጪያቸው?" ወደ እኔ ዞረ። "ሆድዎትስ? ድርቀት አለ?"

"ኧረ ደህና ነው" አልኩ። በልጄ ፊት እንዴት ልናገር! እሷ አቀርቅራ አለቀሰች። ታክሲ ውስጥ ጭራሽ "ምናልባት ትረሺው ይሆናል" አልኳት። ይህን ስጽፍ ፊቴ በሃፍረት ይቃጠላል።

በሳምንቱ ኮሶ ጠጣሁ። ራሴን ሳትኩ። ባኞ ቤት ወለል ላይ አገኘችኝ። አጠበችኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት።

"አባዬ፣ እኔ እኮ በእጄ የምገድልህ መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

ለሐኪሙም ተናዘዝኩ። ድርቀት መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱን እንደሚያዘገይ፣ ከመንቀጥቀጡም ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ እንደሚችል አስረዳኝ። "የፓርኪንሰን ሕሙማን የአንጀት ባክቴሪያ ከሌላው ሰው ይለያል። በአንዳንዱ ሰው ሕመሙ ከአንጀት ይነሳል ብለን እንጠረጥራለን፤ የቱ የቱን እንዳመጣ ግን ገና አልታወቀም" አለ። ኮሶውን አስጥሎ ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሰጠኝ፤ ውሃ በብዛት እየጠጣሁ፣ አጃና ጎመን እየበላሁ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እስከ ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ ኪኒኑም ቀስ በቀስ ይሠራልኝ ጀመር። አልዳንኩም፤ ግን ዛሬ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ እቆልፋለሁ፣ ተመስገን።

በልጃችሁ ፊት ካፈራችሁ "ውጪ ጠብቂኝ" በሏትና ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩት። ሰብለ ይቅር ብላኛለች፤ እግዜር ይስጣት። ግን እስካሁን ኪኒኑን ከማቀበሏ በፊት ሰዓቷን ታሳየኛለች።