ያማረው የከድጃ ደብተር

የሕፃናት የስኳር ሕመም ክትትል ክፍል ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነበር። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ድንገተኛ ክፍል ቁስል ስሰፋና ደም ስጠርግ ኖሬያለሁ። «ሲስተር የሺ፣ አሁንስ ጉልበትሽም ደከመ፤ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪበት ቦታ እንስጥሽ» ተባልኩ። ወልድያ ውስጥ ያቺን ክፍል የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያ በወጉ ተቀምጬ አላውቅም።

የክፍሉ ኃላፊ ደምሴ ይባላል፤ በዕድሜ ታናሼ፣ በሹመት አለቃዬ ነው። የፍሪጁን ቁልፍ፣ መዝገቡን፣ አንድ ካርቶን የደም ስኳር መለኪያ ስትሪፕና አንድ ቀይ እስክሪብቶ አስረከበኝ። «ከፍ ያለውን ቁጥር በቀይ ክበቢው። ቤተሰብ ካልተቆጡት አይሰማም» አለኝ። እኔ ደግሞ ለቁጣ መካሪ አያስፈልገኝም፤ ሲፈጥረኝ ጀምሮ አለኝ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ዓይነት አንድ የሚባለው የስኳር ሕመም የያዘው ልጅ ሰውነቱ ኢንሱሊን አይሠራም። ስለዚህ በየቀኑ በመርፌ ይሰጠዋል፤ ካልተሰጠው ይሞታል። እኛ ጋ ጠዋትና ማታ የሚወጉ ነበሩ። ኢንሱሊኑ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቶሎ የሚሠራው ጥርት ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ደመናማ። ደመናማውን ኢንሱሊን በመዳፍ መሀል ቀስ አድርጎ ማንከባለል፣ አለመናጥ፤ በሲሪንጁ መጀመሪያ ጥርት ያለውን፣ ቀጥሎ ደመናማውን መቅዳት፤ የሚወጋበትን ቦታ መቀያየር፤ ጣት ወግቶ መለካት፤ የተገኘውን ቁጥር በደብተር መጻፍ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሐኪም አይደለም። ገበያ የምትውል፣ እርሻ የምትሄድ፣ ፊደል የቆጠረችም ያልቆጠረችም እናት ናት።

እኔ ይህን ጥሩ አድርጌ አስተምር ነበር፤ በዚህ ትሕትና አላበዛም። በወር አንዴ ከሲሪንቃ፣ ከመርሳ፣ ከውርጌሳ ይመጣሉ። ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ ደብተሩን ተራ በተራ እያነሳሁ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የተበላሸውን እከብባለሁ። ከዚያ መቆጣት ነው። ጎበዝ ነርስ የተባልኩት በዚህ ነው።

ከድጃ የምትባል ሴት ከመርሳ ትመጣ ነበር። ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች፤ ባሏ ሳውዲ ነው። ልጇ ሀያት ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስትወጋ እጇን ራሷ ዘርግታ «ቶሎ በይ» የምትል ቆፍጣና ልጅ። በመጀመሪያው ወር ከድጃ ያመጣችው ደብተር ከዳር እስከ ዳር ከፍ ባለ ቁጥር የተሞላ ነበር። ለሐኪሙ አሳይቼ መጠኑን ማስጨመር ነበረብኝ። እኔ ግን ገጹን በቀይ ሞላሁትና ሰው ፊት «ምንድን ነው ይሄ? ልጅሽን ልትቀብሪያት ነው?» አልኳት።

«አፉ ይበሉኝ፣ ሲስተር» አለች ድምጿ ሳይወጣ።

በቀጣዩ ወር የመጣው ደብተር ዓይን ይማርካል። መቶ አሥር፣ መቶ ሃያ ስድስት፣ መቶ አሥራ ስምንት። ከዚያ በኋላ ያለውም ወር እንዲሁ። ደብተሩን ከፍ አድርጌ ለቤቱ ሁሉ አሳየሁ። «እናት ማለት እንዲህ ነው! ተመልከቱ!» ብዬ አስጨበጨብኩላት። ከድጃ አንገቷን ደፋች። አይ ጨዋነት አልኩ በልቤ። ሞኝነቴን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። ስኳሩ አንድም ቀን ከፍ አንድም ቀን ዝቅ የማይል ሕፃን የት ተወልዶ ያውቃል? ቁጥሮቹም በአንድ እስክሪብቶ፣ ባንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተጻፉ መሆናቸው ለማየት ለፈለገ ሰው ያስታውቃል። እኔ ማየት አልፈለግኩም። ያማረው ደብተር የእኔን ጉብዝና ይናገርልኝ ነበርና።

በሦስተኛው ወር ሀያትን የአባቷ ወንድም ሰይድ በክንዱ ታቅፎ ይዟት ገባ። ከውርጌሳ ወደ ወልድያ ሲመጣ መርሳ ሊጠይቃቸው ወርዶ ነው እንዲህ ሆና ያገኛት። ታስመልሳለች፤ ትንፋሿ ጠለቅ ጠለቅ፣ ፈጠን ፈጠን ይላል፤ አፏ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። መለኪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት ከልክ በላይ የሚለውን ምልክት ብቻ አወጣ። ከድንገተኛ ክፍል ያመጣሁት እጅ ያኔ ጠቀመኝ፤ ሐኪሙ እስኪደርስ በደም ሥሯ የሚገባውን ፈሳሽ ከፍቼላታለሁ። አብራ የመጣችው ከድጃ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች።

ልጅቷ ከተረጋጋች በኋላ ካርዷን ሳብኩና «በእናት ቸልተኝነት ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት። ማንም አላስገደደኝም።

በማግስቱ ሀያት ዓይኗን ገልጣ ምግብ ጠየቀች። እኔም ረጋ ብዬ ከእናቷ ቤት የምትለካበትን መለኪያ ተቀበልኩ። መለኪያው ያለፉትን ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። በነዚያ ወራት አንድም ቀን ተጭኜው አላውቅም ነበር። ተጫንኩት። ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ አሥር፤ የመጨረሻዎቹን ቀናት ደግሞ አራት መቶ፣ አምስት መቶ። በደብተሩ የዚያው ቀን ቁጥር መቶ ሃያ ነው።

«ከድጃ፣ ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

 ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። «ሲስተር፣ እውነቱን ጽፌ መጥቼ አልነበር? ልጅሽን ልትቀብሪያት ነው አሉኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ ስይዝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወላሂ መርፌዋን አንድም ቀን አላስታጎልኩም። መርፌው አልሠራ ሲል ለማን ልንገር? ለርስዎ?»

 የቀረውን ኢንሱሊን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። በመዳፌ መሀል አንከባለልኩት። በመዋሃድ ፈንታ ጓጉሎ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣበቀ። በረዶ ነክቶታል። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ሞቷል፤ ቢወጉትም ውኃ እንደመውጋት ነው።

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«ጎረቤት ሱቅ፣ ፍሪጅ ውስጥ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ይኼኛውንማ የሀያት መድኃኒት ነው ብሎ ለስላሳውን አውጥቶ ከበረዶው ሥር ደህና ቦታ አስቀመጠልኝ።»

አያችሁ? አንድ ደግ ሰው ለልጅቷ ብሎ ያለውን ምርጥ ቦታ ሰጠ፤ መድኃኒቱን ገደለው። ከድጃ በየቀኑ ለክታ እውነተኛውን ቁጥር ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ብትነግረኝ በሁለት ጥያቄ አገኘው ነበር። እንዳትነግረኝ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሰይድ ደምሴ ቢሮ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሀያት ከአልጋዋ ቀና ስትል በፎጣው ዕንባውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። የፈለገው ግን የሕክምና ማስረጃ ነው። እሑድ መርሳ ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እናቲቱ ቸልተኛ መሆኗ በወረቀት ከታየ ሀያትን ወደ ውርጌሳ፣ ወደ ራሱ ቤት ሊወስዳት ነው። ወንድሙም ከሳውዲ በስልክ ተስማምቷል። ቤቱ ከመኪናው መንገድ ወርደው በእግር ሁለት ሰዓት ነው። እዚያ ሲሪንጅ ይዞ የሚያውቅ ሰው የለም።

ደምሴ የካርዱን ቃል በማስረጃ ወረቀት ላይ እንድገለብጥ አዘዘኝ። ካርዱን አነሳሁና ያንን ዓረፍተ ነገር ባንዲት መስመር ሰረዝኩት፤ ከጎኑ ፈረምኩ። ከሥሩ «ኢንሱሊኑ በረዶ ነክቶት ተበላሽቷል። ቤተሰቡ ስለ አቀማመጡ በቂ ትምህርት አልተሰጠውም። ሦስት ወር የመለኪያው ቁጥር በነርሷ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ።

«እያረምኩ።»

«የሺ፣ ይኼ እኮ ራስሽን መክሰስ ነው። ክፍሉንም ታስጠይቂዋለሽ።»

«ይጠየቅ።»

«ሴትዮዋ የሐሰት ቁጥር ጽፋለች! እሱንስ አትጽፊም?»

«እጽፋለሁ። ለምን እንደጻፈችም አብሬ እጽፋለሁ። የማን ድምፅ እንዳስፈራትም እጽፋለሁ። ቦታ ካጠረኝ ሌላ ወረቀት ትሰጠኛለህ።»

የታረመውን ገልብጬ ባቀርብለትም ማኅተሙን አልመታልኝም። ያልታተመ ወረቀት ደግሞ ሽማግሌ ፊት ዋጋ የለውም። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ወረድኩ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከድጃ ግቢ፣ ማንጎው ጥላ ሥር ነው። መሀል ላይ ሸህ ይማም የሚባሉ ትልቅ ሰው አሉ፤ የሠፈሩ ነገር በሳቸው ነው የሚያልቀው። ሰይድ በቀኝ በኩል፣ ከድጃ ከበሩ ጎን ፊቷን በሻሽ ሸፍና ተቀምጣለች። ስገባ ሁሉም ዘወር አለ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም። ነይ ልጄ፣ ተቀመጭ» አሉ ሸህ ይማም።

«ቆሜ ልናገር፣ ሸህዬ። ከተቀመጥኩ ድፍረቴ ይጠፋል።»

ፈቀዱልኝ። ሰይድ ቀድሞኝ «ሲስተር፣ ካርዱ ላይ ቸልተኛ ናት ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም?» አለ። አልተቆጣም፤ የምር ነው የጠየቀኝ።

«እኔ ነኝ። ሳላጣራ ጻፍኩት፤ ውሸት ነበር» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ በሰው ፊት ያልኳትን፣ ያስጨበጨብኩትን፣ ሳልጫነው የቀረሁትን የመለኪያ ቁልፍ። «ይቺ ሴት ጠዋትና ማታ ሳታጎድል ወግታለች። አባት በሌለበት፣ ብቻዋን፣ ገበያ እየዋለች። መድኃኒቱ ሞቶ እንደነበር አላወቀችም፤ ልትጠይቀኝም ፈራችኝ። ሰው መቅጣት ካለባችሁ እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። ልጅቷን ከናቷ የምትነጥሏት ግን በኔ ፊርማ አይደለም።»

 ከጀርባዬ የሱቁ ሰውዬ «ያ አላህ፣ እኔ ነኝኮ ከበረዶው ያስጠጋሁት!» ብሎ ራሱን ያዘ።

ሸህ ይማም ጺማቸውን አሻሹ። «ልጄ፣ እሺ ስሕተቱ ያንቺ ነው እንበል። ነገ ይህች ልጅ እንደገና ብትታመም ማን ይጠየቃል?»

«አንቱ ፊት እኔ እጠየቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከድጃን እስካሁን ያገዛት ማን ነው? ትኩሳት የያዛት ቀን ማን ወጋላት? አንድ ሌሊት ማን ተነስቶ ለካላት? ሁላችሁም ልትፈርዱ መጣችሁ፤ መርፌ ልማር ብሎ የመጣ አለ?»

አነጋገሬ ከልክ ያለፈ ነበር። ትልቅ ሰው ፊት እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ። አንዱ ሽማግሌ ሊገሥጸኝ አፉን ከፈተ። ሸህ ይማም እጃቸውን አንስተው አስቆሙት፤ ወደ ሰይድ ዞሩ።

«ሰይድ፣ አንተ ትወጋለህ?»

ሰይድ መሬት መሬቱን አየ። «አልችልም፣ ሸህዬ።»

«ታዲያ ወስደህ ምን ልታደርጋት ነው?»

ሀያት ከቤት ወጥታ ከእናቷ አጠገብ ቆማ ነበር። «እኔ አሳየዋለሁ፣ አያምም» አለች። ከድጃ ሻሿን ከፊቷ አነሳች፤ ያን ቀን ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ልጅቷ ከናቷ ጋር ትኑር ተባለ። ሰይድ ሁለት ቅዳሜ ወልድያ ድረስ ተመላልሶ መርፌውን ተማረ፤ መጀመሪያ የወጋው የራሱን ሆድ ነው፤ በባዶ ሲሪንጅ፣ ላቡ እየወረደ። ከድጃ ገበያ በምትውልበት ቀን መርሳ እየመጣ የማታውን መርፌ እሱ ይወጋላት ጀመር። የሱቁ ሰውዬም መድኃኒቱን ከበረዶው አርቆ የበረዶውን ቦታ ለለስላሳ መለሰ።

እኔም አግዳሚውን ከክፍሉ አስወጣሁት። ቤተሰብ አንድ በአንድ፣ በር ተዘግቶ ይገባል። ጮክ ብሎ ማንበብ ቀረ፤ ማስጨብጨብም ቀረ። ደብተሩን ከመክፈቴ በፊት «ይኼን ወር ማን አገዘሽ?» እላለሁ። «ማንም» ካለችኝ የዚያን ቀን ሥራዬ የሚያግዛት ሰው ማግኘት ነው። የደብተሮቻችን ቁጥር ያን ጊዜ አስቀያሚ ሆነ። ደምሴ ክፍሉ ወደቀ አለ። እውነት መምጣት ስለጀመረ ነው አልኩት፤ አልተስማማንም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ፤ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ ውጭ በመገኘትና የክፍሉን ስም በማጉደፍ» ይላል። እሑድ መሆኑን ማንም አልቆጠረልኝም። ይቅርታ ጠይቂና ይነሳልሽ አሉኝ። የምጠይቀውን ይቅርታ ከድጃን ጠይቄያለሁ፤ ሌላ የለኝም። ደብዳቤው ጡረታ እስክወጣ ከፋይሌ አልወጣም። ይቀመጥ።

አሁንም ወጣት ነርሶች «ሲስተር፣ ሕዝቡ ካልተቆጡት አይሰማም» ይሉኛል። ይሰማል። የሚሰማው ግን ምን ብሎ ቢዋሽ እንደሚሻለው ነው። መጥፎ ቁጥር ጽፋ የመጣችን እናት መጀመሪያ አመስግኗት፤ ከዚያ ቁጥሩን አንብቡ።